ስሙ የተጠራ መድኃኒት

የበደለኝ ሰው ስሙ ጥላሁን ነው። የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቶሎ ስለሞተችብን ቀበቶ መታጠቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ከተማችን ውስጥ የሕግ ነገር በሚታይበት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛና የሚሽከረከር ወንበር አግኝቷል፤ ሰው ሁሉ "አቶ ጥላሁን" ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም። ድንበሬን አልገፋብኝም። በጌን አላረደብኝም። ክፉ ቃልም ከአፉ አልወጣም። የበደለኝ አንድ ስም በመጥራት ነው። እዚህ ወግ ውስጥ የምታገኟቸውን የሌሎቹን ሰዎች ስም ሁሉ ለውጬዋለሁ፤ የእሱን ግን ትቼዋለሁ። እሱ ስም መጥራት ይወዳል።

"አሮጊቷ መጃጀት ጀመረች" ትሉ ይሆናል። በሉ። ግን እስከ መጨረሻው ሰምታችሁ በሉ።

እኛ መንዝ አገር፣ በቀየትም ሂዱ በራቤል፣ ማንም ሳያስተምረው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ። መድኃኒት ስሙ አይጠየቅም። ዐዋቂው ማለዳ፣ ከሰው ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ሄዶ ሥሩን ይምሳል፣ ቅጠሉን ይቀነጥሳል፤ ወቅጦ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ይሰጣችኋል። እናንተ ትቀበላላችሁ። "ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት እንኳ አይገባም። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ኃይሉ ይሸሻል ይባላል። የተማሩት ይስቃሉ። "ዐዋቂው እንጀራውን ሲጠብቅ ነው" ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ እንጀራውን የማይጠብቅ ማን አለ? ደግሞስ እነሱ ራሳቸው ከጤና ጣቢያ የሚቀበሉትን ቀይና ቢጫ እንክብል ስሙን ያውቁታል? "ባለሁለት ቀለሙ" ብለው አይደል የሚውጡት? እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ዳዊቴን በጣቴ እየተከተልኩ የማነብ ሴት ነኝ፤ ግን ይሄን አውቃለሁ፤ ሁላችንም ስሙን የማናውቀውን እየዋጥን ነው እዚህ የደረስነው።

ወደ ሕመሜ ልምጣ። ያለፈው ክረምት ሲወጣ በግራ ጎኔ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። ለክፉ ነገር ቆንጆ ስም ማውጣት እናውቅበታለን። እንደ መቀነት ከጀርባዬ ተነስቶ እስከ ጡቴ ሥር ተጠመጠመ፤ ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ ደረቀ፣ ቅርፊቱም ተነሳ። ሰው ሁሉ "እንኳን ማረሽ" ብሎኝ ሄደ። ቁስሉ ዳነ፤ እሳቱ ግን ከሥር ቀረ። ጨርቅ ሲነካኝ ፍም የነካኝ ያህል ነው። ቆላ ብኖር ራቁቴን እተኛ ነበር፤ የመንዝ ሰው ግን የት ይደርሳል? ብርዳችንን ለማታውቁ፣ ባና የምንለው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ብርድ ልብሳችን ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ያለ እሱ አይነጋም። ታዲያ ባናውን ስደርብ ጎኔ ይነዳል፤ ባናውን ስጥል ውርጩ አጥንቴ ድረስ ይገባል። እንዲህ በእሳትና በውርጭ መካከል ቁጭ ብዬ ማንጋት ሆነ ሥራዬ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሲኦልን የሣሉት ሰዎች እሳቱን ብቻ ነው የሣሉት፤ ውርጩን ረስተውታል።

ያልሞከርኩት የለም። ጠበል ተጠመቅኩ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ ጎኔን ትቶ ጨጓራዬን ያዘው፤ ለጨጓራዬ ሌላ ክኒን ጨመሩልኝ። ልጅ ወልዶ ሞግዚት እንደመቅጠር ማለት ነው።

በዚህ መካከል የወንድሜ ልጅ ሰብለ ካለችበት ሩቅ አገር ለአባቷ ተዝካር መጣች። ሰብለ ራሷ በሽተኛ ናት፤ መኪና ገጭቷት ጀርባዋ እንደ ድሮው አይታጠፍም። ቤቴ አደረችና ማለዳ ግድግዳ ተደግፌ፣ ባናዬን ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣ ስንቀጠቀጥ አገኘችኝ። ቦርሳዋን ከፍታ ጠብታ የምታንጠባጥብ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች።

"እቴቴ፣ ይሄን ለእኔ ሐኪሜ ነው ያዘዘልኝ። ለእርስዎም ይሆናል። ከቅጠል ነው የሚወጣው፤ ቅጠሉ..."

"ዝም በይ" አልኳት።

"ምነው?"

"ስሙን እንዳትጠሪው። መድኃኒት አይደል?"

ሳቀች። "እቴቴ፣ ማወቅ እኮ አለብዎት።"

"ማወቅ ያለብኝ ስንት ጠብታ እንደሆነ ነው።"

ነገረችኝ፤ ከምላሴ ሥር፣ ልተኛ ስል። ተዝካሩ እንዳለቀ እሷ ለራሷ ከምትኖርበት አገር ሌላ አስጽፋ እንደምትገዛ ነግራኝ ጠርሙሱን ትታልኝ ተመለሰች። እንግዲህ ስህተት ካላችሁት ስህተቱ ይኸው ነው። ሌላ አገር ቢሆን አንዲት ሴት አንድ ነገር ስትሰጧት ስሙን ትጠይቃለች። እኔ ሊነግሩኝ ሲሉ አፋቸውን ያዝኩ። የሴት ልጅ ጨዋነት ነው ብዬ። ሕግ ፊት ቆሜ ይሄን ባስረዳ ማን ያምነኛል?

የዚያን ቀን ባናውን ደርቤ ተኛሁ። ደርቤ። ሕመሙ ጠፋ አልላችሁም፤ ግን የጎረቤት ውሻ ሆነ፤ ሲጮህ ይሰማኛል፣ አይነክሰኝም። ጥዋት ስነሳ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አገኘኋት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፀሐይ ቀድማኝ ተነሳች።

አሁን ሁለተኛው ደንብ ይመጣል። የተሻለበትን መድኃኒት ለጎረቤቱ የነፈገ ሰው ነፍሱ ጎስቋላ ናት። ከግድግዳዬ ወዲያ ዘነበች ትኖራለች፤ በኮረዳነታችን ሱፍ አብረን ስንፈትል፣ አንዷ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ የምትጨርስ ነበርን። ጡቷ ላይ ካንሰር ወጥቶባት ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ነበር፤ "እንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷት" ብለው መለሷት። ክኒን ሰጥተዋት ነበር፤ አለቀ፤ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ጠፋ። በትንሽ የሽቶ ብልቃጥ ቀነስኩላት። ቀጥሎ አባ ገብረ ማርያም፣ የንስሐ አባቴ፣ ጥርሳቸውን ታመው ቅዳሴው ላይ ዜማው ሲሰበርባቸው ሰማሁና ለእሳቸውም ጥቂት ሰጠኋቸው። ማንም ስሙን አልጠየቀኝም። ማንም አላመሰገነኝም። ሁሉም ደንቡን ጠብቆ ተኛ።

ከዚያ ቅዳሜ ጥላሁን መጣ።

ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው፤ ልመርቀው ስል ዓይኑ መስኮቱ ላይ ዐረፈ። ጠርሙሱን አነሳ። መነጽሩን አደረገ። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ጣቶቿን የዘረጋች ቅጠል ተሥላለች፤ እኔ የጉሎ ቅጠል መስላኝ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እቴቴ፣ ይሄን ማን ሰጠዎት?"

"ሰብለ ናት። የጎኔ መድኃኒት ነው።"

"ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አላውቅም፤ እንዳትነግረኝ።"

ነገረኝ።

"ሀሺሽ ነው" አለኝ። "ካናቢስ ይሉታል። ዘይቱን አውጥተው ነው እንጂ ያው ሀሺሽ ነው፣ እቴቴ።"

ቁጭ አልኩ። "ሰብለ እኮ ሐኪም አዞላት ነው" አልኩት።

"እዚያ ነዋ። እዚያ ሕጉ ለታመመ ሰው ይፈቅዳል። እዚህ ለታመመም ላልታመመም አይፈቅድም። እጁ ላይ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል፤ ይታሰራል።"

"እኔ ታምሜ አይደል?"

"ሕጉ ሕመምዎን አያይም። ጠርሙሱን ነው የሚያየው።"

"እሺ፣ ለሌላ ሰውስ ትንሽ የሰጠ?"

ጠርሙሱን እንደ ትኩስ ድንች መደቡ ላይ ጣለው። "ለማን ሰጡ?" አለና፣ ልመልስ አፌን ስከፍት እጁን ዘረጋ። "አይንገሩኝ። ያካፈለማ ከያዘው ይብሳል። አዘዋዋሪ ነው የሚባለው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ያጥፉት።"

"ጎኔንስ?"

በሩ ላይ ደርሶ ነበር። "እሱ እንግዲህ የጤና ጉዳይ ነው፣ እቴቴ። የእኔ ዘርፍ አይደለም" አለኝ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ጠርሙሱን የያዘባቸውን ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። "እኔ አላየሁም። ዛሬ እዚህ አልመጣሁም" ብሎ ወጣ። ጲላጦስ እንኳ ውኃ አስመጥቶ ነው የታጠበው። ጥላሁን በመሐረብ ጨረሰው።

አዘዋዋሪ! እኔ የምዘዋወረው ከቤቴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤቴ ነው። ግን ቃሉ ከቤቴ አልወጣ አለ። በቴሌቪዥን አይታችሁ የለ፤ የተያዘውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ሰዎቹን ከኋላ ያቆሟቸዋል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከፊቴ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ተቀምጣ፣ አገር ሁሉ ሲያየኝ ታየኝ። የእኛ ዘር የፍርድ ቤትን ደጅ ያውቀዋል፤ አልዋሽም፤ አባቴ ለአንዲት ጥማድ መሬት ዕድሜውን ሲሟገት ነው የኖረው። ግን በከሳሽነት። "በሕግ አምላክ!" ብለን ሰው ስናስቆም እንጂ ተብለን ስንቆም ማንም አላየንም። ብታሰርስ ማን በጎቼን ያያል? ብሞትስ ዕድርተኛው "እስረኛ ነበረች" እያለ ነው የሚቀብረኝ?

ሕግን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሕግ ባይኖር ኖሮ ይቺን ቤት እንኳ የባሌ ዘመዶች ባልተዉልኝ። ደግሞ ሕጉ እንዲሁ ከመሬት እንዳልተነሳ አውቃለሁ። ከሠፈራችን ከተማ ወርዶ በዚሁ ቅጠል ጭስ አእምሮውን ጥሎ የተመለሰ ልጅ አለ፤ እናቱ እጁን ይዛ ጠበል ስትወስደው በደጄ ነው የምታልፈው፤ ባየኋት ቁጥር አማትባለሁ። ሕጉ ያንን ልጅ ዐይቶ የተጻፈ ከሆነ ልክ ነው። እኔን ግን አላየኝም። ዘነበችንም አላያትም። ሰብለን ደግሞ አስቡት፤ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ታካሚ ነበረች፣ ስትወርድ ወንጀለኛ ሆነች፤ የትኛው ደመና ላይ እንደተለወጠች አብራሪውም አያውቅ። ጀርባዋ ግን እዚያም እዚህም ያው ጀርባ ነው። ሕመም ድንበር ሲሻገር ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም የሚመታለት የለም።

ከሁሉ ከሁሉ ያስፈራኝ ግን እስሩ አይደለም። መጠየቅ አለመቻሌ ነው። "የታመመ ሰው ይፈቀድለታል ወይ?" ብዬ ብጠይቅ "ለምን ጠየቅሽ?" ይሉኛል። ጥያቄው ራሱ የእምነት ቃል ነው። አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ብለዋል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ? እሱን ሳይተርቱልን ሞቱ።

እኔም ደበቅኩት። ያልተፈተለ ሱፍ የሞላው ጆንያ ውስጥ፣ ክንዴ እስኪጠልቅ ድረስ። ከመደበቄ በፊት ግን፣ ምን ልሁን ጎኔ እየነደደ፣ ጠብታዬን ወስጄ ነበር። አልተኛሁም። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ፖሊስ ነው፣ በግ ሲያስል ፖሊስ ነው። ልቤ እንደ ዘነዘና ስትወድቅ ስትነሳ አደረች። ያው ጠርሙስ ነው፣ ያው ጠብታ ነው፣ ያቺው ምላስ ናት። የተማሩት ይሳቁ እንጂ፣ ስሙ ተጠራ፤ ኃይሉ ሸሸ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረ ማርያምን ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ዛፍ ሥር ጠበቅኳቸው።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"ጠይቂ።"

"ሕግ የከለከለውን መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት ነው?"

እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደ። "ያ ለጥርሴ የሰጠሽኝ ነው?"

"እሱ ነው። ስሙን ልንገርዎ?"

መስቀላቸውን በእኔና በእሳቸው መካከል ከፍ አደረጉ። "አትንገሪኝ። እስካላወቅኩት ድረስ መድኃኒት ነው፤ ካወቅኩት ነገር ይሆናል።"

"እፈራለሁ፣ አባ።"

"ፍሪ። የማይፈራ ሰው ለራሱም ለሰውም አይበጅ። ግን የቄሣርን ለቄሣር ተብሏል፤ ክልክል ከሆነ ለቄሣር መልሺው።"

"የዘነበችን ስቃይስ ለማን ልመልሰው?"

መጽሐፉን በልባቸው ገጽ በገጽ ሲያገላብጡት ታየኝ። ከዚያ "እጸልያለሁ" ብለው ተለዩኝ። ጥቂት ሄደው ተመለሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ብቻ፣ ጨርሰሽ አልደፋሽውም አይደል?" አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። "እትዬ አስካለ አሉ?"

ደምሴ ነው። የዘነበች ልጅ። ሚሊሻ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ የመሥሪያ ቤት ዘብ ነው፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ብትሉኝ ያው ጥላሁን የሚሠራበት ነው። ካፖርቱን ለብሷል፣ ክላሹን አንግቷል። ጥላሁን ተናገረ አልኩ በልቤ። "ግባ" ያልኩት እኔ ልሁን ግድግዳው አላውቅም።

ገባ፤ ክላሹን አውርዶ የሚያስደግፍበት ፈለገና ከሱፉ ጆንያ ላይ አስደገፈው። ከዚያው ጆንያ ላይ።

የእኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ደግም ይሁን ክፉ፣ ወሬ የሚወጣው ገብሱ፣ በጉ፣ ላሚቱ፣ ዝናቡ ተጠይቀው ካለቁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማውጣት ነውር ነው። ሰውን ሊያስር የመጣ እንኳ መጀመሪያ የገብሱን ነገር ይጠይቃል። ደምሴም "ገብሱ እንዴት ያዘላችሁ?" አለኝ። "ይመስገን" አልኩ። "ውርጭ አልመታውም?" አለ። "አልመታውም" አልኩ፤ የተመታሁት እኔ ነኝ። በጎቹን ጠየቀ። ላሚቱን ጠየቀ። የጎኔን ነገር ጠየቀ።

ከዚያ እጆቹን እያየ "እትዬ፣ ያ ነገር ነበረ..." አለ።

"የምን ነገር?"

"ለእናቴ የሰጧት ጠብታ። አለቀባት። እሱን በወሰደች ሰሞን እህል ቀምሳ ነበር፤ እንደ ድሮዋም ተሳድባኛለች። ከትናንት ወዲህ ግን..." የካፖርቱን ቁልፍ ያዝ አደረገ። "ትንሽ ተርፎዎት እንደሆን ብዬ ነው።"

ወጥመድ ነው አልኩ። ልኮት ነው አልኩ። ፍርሃት ያሳደጋችሁትን ልጅ ፊት እንኳ ያስረሳል፤ ያ ደምሴ እኮ እግሩ እንቅፋት ሲመታው እኔ ቤት ነበር የሚያለቅሰው።

"አልቋል" አልኩት።

"ካለቀማ ምን ይደረጋል" አለ፤ ቀስ ብሎ ተነሳ። ክላሹን ሲያነሳው ጆንያው ጋደል አለ፤ ልቤም አብሮት። አቃናልኝና ወጣ።

ጎረቤቴን፣ እያለኝ፣ "የለኝም" አልኳት ማለት ነው። ይሄን ያለው የአስካለ አፍ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የዘነበች ድምፅ በግድግዳው ይመጣ ጀመር። ጩኸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ትንፋሿን ስታወጣ ብቻ ነው የምታቃስተው፤ አንዳንዴ ደግሞ ትንፋሿን ታዘገየዋለች፣ ላለማቃሰት። ከዚያ "አስካለ" አለች። ወጣት ሳለን እሳት ልትጫር ስትፈልግ በዚያው ግድግዳ እንደምትጠራኝ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

አልመለስኩላትም። ቤት የሌለሁ መስዬ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሁለት አሮጊቶች፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ፣ ትንፋሻችንን ይዘን፤ አንዷ ከሕመም፣ አንዷ ከሕግ።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይላሉ። እኔ የፈራሁት እስር ነበር፤ ታዲያ ከዚህ ሌላ እስር ምን ዓይነት ነው? ፍርሃቴን ይዤ አሰብኩ። ጠብታው ለእኔ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ስሙ ተጠርቶብኛል። ለዘነበች ግን አልተጠራባትም። ብደፋው ሕጉ ይደሰታል፣ ዘነበች ታቃስታለች። ባስረክበው "ከየት?" ይሉኛል፣ ሰብለ ዳግመኛ ያባቷን መቃብር አታይም። ጠርሙሱን እስከያዝኩ ድረስ አፌ ታስሯል። ካልያዝኩትስ? አፌን ከፍቼ ብጠይቅ ምኔን ይይዙታል?

በማግሥቱ ጥዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ ጥበብ ቀሚሴን ለበስኩ፤ የሚያስሩኝ ከሆነ በደህና ልብስ ይሁን ብዬ። ጠርሙሱን በመቀነቴ አሰርኩት። መሥሪያ ቤቱ በር ደረስኩ። ደምሴ የሚገባውን ሰው ቦርሳ ይፈትሻል።

"እትዬ አስካለ፣ እርስዎን ደግሞ ምን እፈትሻለሁ፤ ይለፉ" አለኝ።

"በሕግ አምላክ ፈትሸኝ" አልኩት።

ደነገጠ። ክንዱን ይዤ ከአጥሩ ጥግ ወሰድኩት፤ መቀነቴን ፈታሁ። "ትናንት ዋሽቼሃለሁ" አልኩት። "አላለቀም። ይኸውልህ። አሁን አንተ ምረጥ፤ ስሙን ልንገርህ ወይስ ልተው? ከነገርኩህ ታስረኛለህ። ካልነገርኩህ እናትህ ትተኛለች።"

ጠርሙሱን አየ። ቅጠሏን አየ። በሩን አየ፤ መንገዱን አየ።

"መድኃኒት እኮ ስሙ አይጠየቅም፣ እትዬ" አለኝ፤ ከካፖርቱ ኪስ፣ ከጥይቱ ጋር ከተተው። "እግዜር ይስጥልኝ" ሊለኝ አፉን ከፈተና ደንቡ ትዝ ሲለው ዘጋው።

እኔ ባዶ እጄን ገባሁ። ፍርሃቴ አብሮኝ ነበር፤ እሱን ፈትሾ የሚያስቀር ዘብ የለም። ጥላሁን ክፍል ሰው ወረፋ ይዟል። ሲያየኝ መሐረቡን ፈለገ።

"አቶ ጥላሁን" አልኩት፣ በሰው ፊት ነውና። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። "እጄ ባዶ ነው፤ የተሰበሰባችሁ ሁሉ እዩልኝ። ሕመም ግን አለብኝ፤ ጎረቤቴም ሕመም አለባት። ለእኛ ለበሽተኞቹ የተከለከለውን እርስዎ ነግረውኛል፤ ሕግ ነው፣ ሰምቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ያልተከለከለውን እንዲነግሩኝ ነው።"

ከወረፋው አንዲት ሴት ጉልበቷን እያሸች ጠጋ አለች።

"እቴቴ፣ ይሄ እኮ የጤና..."

"ዘርፍዎ አይደለም፤ ነግረውኛል" አልኩት። "የማን ዘርፍ እንደሆነ እስኪታወቅ እጠብቃለሁ።"

ግራ ጎኔን እንዳይነካኝ አድርጌ ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።